በሠርጉ ሌሊት ማን ተኛ?

ጥምቀት እየተቃረበ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ እኛ ሶዶም ሆነ እናንተ ባላችሁበት፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት በላይ በላዩ ይደርሳል። በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያ ይሰቀላል፣ ልጆቻችንም ሌሊቱን ሲጨፍሩ ያመሻሉ። በዚህ ሰሞን በብዙ ቤት የሚነሳ ጭቅጭቅ አለ፦ «ነገ በጠዋት ልምምድ እያለሽ ስትጨፍሪ ልታድሪ ነው?» የሚል። አምና በእኛም ቤት ተነስቶ ነበር። ዳኛ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ፍርዴም የተሳሳተ ነበር። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ዛሬ ላጫውታችሁ።

የልጅ ልጄ አሁን 16 ዓመቷ ነው። ሩጫ ትወዳለች። በሳምንት ሦስት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ስታዲየም ትወርዳለች። ቅዳሜ ደግሞ አሠልጣኛቸው ወደ ዳሞታ ዳገት ይወስዳቸዋል። ሶዶን ለማታውቁ፣ ዳሞታ ከከተማችን በስተሰሜን ተቀምጦ ቁልቁል የሚያየን ተራራ ነው። ጉም ሲለብስ እንኳ ልጆቹ አይቀሩም።

ይህቺው ልጅ ጭፈራም ትወዳለች። በወላይታ ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ወንዶች ለሠንጋ የሚሆን ገንዘብ፣ ሴቶች ደግሞ ቅቤ ከወራት በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ። በዓሉ ሲደርስ ወጣቱ «ሀያያ ሌኬ» እያለ በየደጁ ይወጣል። ወገብና እግር የማይሠራበት ጭፈራ የለንም። የወላይትኛ ዘፈን ሲከፈትማ የአዲስ አበባው ሠርገኛ ራሱ ወንበር ላይ አይቀርም። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብጹን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በመለያ ምት ጥሎ ያለፈ ለት፣ ልጆቹን «ግቡና ተኙ» ያለ ሰው በእኛ ሰፈር አላየሁም። እኔም ከዘራዬን ይዤ ወጥቼ ነበር።

ዘፈን የማይገባባቸው ቤቶችም በከተማችን ብዙ ናቸው። እዚያም ቢሆን የሠርግ ለት መዝሙሩና ሽብሸባው እኩለ ሌሊትን ያልፋል። ስለዚህ ጨዋታችን ሁሉንም ቤት ይመለከታል።

ወደ አምናው ነገር ልመለስ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ የዘመዳችን ልጅ ተዳረ። በማግስቱ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ደግሞ የ1,500 ሜትር ማጣሪያ ነበር። ከሮጡት ውስጥ አራት ልጆች ለውድድር ይመረጣሉ። የልጅ ልጄ በልምምድ ጊዜ ከሁለተኛ ወርዳ ስለማታውቅ ማንም አልተጠራጠረም። ማታ ከእኩዮቿ ጋር ስትጨፍር አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር። እኔ 4 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ከፊት ከሚሮጡት ጋር ነበረች። ሦስተኛው ዙር ላይ እግሯ ከበዳት። ስድስተኛ ሆና ገባች። ሳሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች፣ ደግማ አሰረች፣ እንደገና ፈታች። ለአንድ ዓመት የለፋችበት ነገር ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ተቆጣ። «ይህ የጭፈራው ውጤት ነው። ከእንግዲህ ወይ ሩጫ ወይ ጭፈራ፣ አንዱን ምረጪ» አላት። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። እኔም ሳላስብበት «አባትሽ እውነቱን ነው» አልኩ። እሷ ምንም አልመለሰችም። ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ማጀት ገባች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጭ አገር የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ደወለ። እሱ ትሪያትሎን የሚባል ስፖርት ይሠራል። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚሠሩበት ውድድር ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ ውስጥ ገብቷል፤ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ማለት ነው። ከዚህ የሚረዝምም አለ። በ1978 እ.ኤ.አ. በሃዋይ የተጀመረው አይረንማን የሚባለው 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና በመጨረሻ ሙሉ ማራቶን አለው። እኛ ዘንድ ይህን ልሞክር የሚል ሰው ዋናውን የት ይዋኝ ይሆን? አባያ ሐይቅ ላይ አዞ አብሮ ይወዳደራል።

ይህ የወንድሜ ልጅ ሥራም ቤተሰብም አለው። የሚገርመው ግን በሳምንት አንድ ማታ ከሚስቱ ጋር ሳልሳ የሚጨፈርበት ቤት ሄዶ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። የእኛን ቤት ነገር ስነግረው ሳቀ።

«አንተ ታዲያ ሁለቱን እንዴት ታስማማቸዋለህ?» አልኩት።

«አጎቴ፣ ጭፈራውንም ደብተሬ ላይ እንደ ልምምድ እጽፈዋለሁ። ሁለት ሰዓት ከጨፈርኩ እግሬ ሁለት ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። በማግስቱ ከባድ ሩጫ አላስገባም። አርፍጄ እነሳለሁ፣ ከተሠራም ቀለል ያለ ብስክሌት ነው። ውድድር ባለበት ሳምንት ደግሞ ጭፈራ የለም፤ ከውድድሩ በኋላ እጥፉን እንጨፍራለን» አለኝ። ከዚያ «ለመሆኑ ልጅቷ ያን ሌሊት በስንት ሰዓት ተኛች?» ሲል ጠየቀኝ።

አላውቅም ነበር። ልጄን ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቅም። ስለ ጭፈራው ሁላችንም ተናግረናል፣ ስለ እንቅልፏ ግን የጠየቀ የለም።

ጠራኋት። የልምምድ ደብተሯን ይዛ መጣች። አሠልጣኛቸው የሠሩትንና የተኙትን በየቀኑ እንዲጽፉ ያዛቸዋል። የዚያን ቅዳሜ ገጽ አውጥታ ሰጠችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፦ «ጠዋት ቀላል ሩጫ 30 ደቂቃ። ከሰዓት ሽንኩርት መክተፍ፣ ውኃ ማመላለስ። ማታ ጭፈራ 1 ሰዓት ተኩል። ዕቃ ማጠብ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት። እንቅልፍ 3 ሰዓት ተኩል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«አባባ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

አንድ ታላቅ ወንድም አላት፤ እግር ኳስ ይጫወታል። ያን ማታ እስከ 6 ሰዓት ጨፍሮ፣ ቤት ገብቶ፣ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ መሆኑ ነው። ማንም አልቀሰቀሰውም፤ ማንም «ጭፈራህ ነው» አላለውም። እሷ ከእናቷና ከጎረቤት ልጆች ጋር ድስትና ሳህን ስታጥብ አምሽታ፣ ጠዋት ወድቃ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተፈረደባት። ልጄ ደብተሩን ሲያነብ ጆሮው ቀላ። እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት። በዚህ ዕድሜዬ ለልጅ ልጅ «ተሳስቻለሁ» ማለት ቀላል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማወቅ አነበብኩ፣ ሐኪምም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ የእንቅልፍ ሐኪሞች። ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። በልምምድ የደከመ ጡንቻ የሚጠገነው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ የዕድገት ሆርሞንም በብዛት የሚለቀቀው ከባዱ እንቅልፍ ሲይዘን ነው። ልጁ ልምምዱን ሠርቶ ካልተኛ፣ ሥራውን ሠርቶ ደሞዙን ሳይቀበል እንደ መሄድ ነው።

በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ በተማሪ ስፖርተኞች ላይ የተደረገና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በአማካይ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ የመጎዳት ዕድላቸው 1.7 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ልጃችሁ ቁርጭምጭሚቱን ደጋግሞ የሚወለም ከሆነ ከጫማው ጋር እንቅልፉንም መርምሩ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለጥቂት ሳምንታት በየሌሊቱ ቢያንስ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲያሳልፉ ተደረገ። በ2011 እ.ኤ.አ. እንደታተመው ውጤት፣ የአጭር ርቀት ሩጫቸው ከ16.2 ሰከንድ ወደ 15.5 ወረደ፤ የቅጣት ውርወራቸውም በ9 በመቶ ተሻሻለ። የተጨመረላቸው ነገር እንቅልፍ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ከጊፋታ በፊት ቤተሰቡ ተቀምጦ ተስማማ። ለሠርጉ ወቅት ስለሚረዳችሁ የተስማማንበትን እነሆ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ከመነሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ ልጅ 8 ሰዓት ተኩል እንዲተኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አልጋው ላይ መሆን አለበት። በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች እንቅልፋቸው በተፈጥሮ ዘግይቶ ስለሚመጣ በየቀኑ ላይሳካ ይችላል። የጎደለውን በቀን እንቅልፍ መሙላት ይቻላል። ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢተኙ ይጠቅማቸዋል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ ግን የማታውን እንቅልፍ ይሻማል። ልጃችሁ ቀን ተኝቶ ስታዩት «ይህ ሰነፍ» ብላችሁ አትቀስቅሱት። ትልልቆቹ ሯጮቻችንም በሌሊት ተነስተው እንጦጦና ሰንዳፋ ላይ ከሮጡ በኋላ ቀን ተመልሰው ይተኛሉ።

ሁለተኛ፣ ጭፈራን እንደ ሥራ ቁጠሩት። የወላይታን ጭፈራ ሁለት ሰዓት የጨፈረ ልጅ ጭኑም ወገቡም ሠርቷል። በማግስቱ ዳገት አይውጣ። ለአሠልጣኙም አስቀድሞ ይንገረው። «ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ» ብሎ የሚናገር ልጅ ልምምዱ ወደ ሌላ ቀን ሊዛወርለት ይችላል። ደብቆ የሚመጣ ልጅ ግን ይጎዳል።

ሦስተኛ፣ ውድድር በዋዜማው ብቻ አይታለፍም። ማጣሪያ ወይም ውድድር ባለበት ሳምንት ሌሊቶቹ ሁሉ ይጠበቁ። የዋዜማው ዕለት ሠርግ የግድ ከሆነ ልጁ ሙሽሮቹን አይቶ፣ አንድ ዘፈን ጨፍሮ፣ በጊዜ ይመለስ። ዘመድ ቅር ካለው ይቅርታ መጠየቅ የወላጅ ሥራ ነው፤ በልጁ ላይ አትጣሉት።

አራተኛ፣ ምግቡንና መጠጡን ተመልከቱ። ጥሬ ሥጋ ከዳጣ ጋር የእኛ ኩራት ነው፤ ግን በማግስቱ ለሚሮጥ ሆድ በሌሊት ይከብዳል። ዳቦ፣ ድንች ወይም ሩዝ አስቀድሞ ይብላ፤ ሥጋው ከሩጫው በኋላ ይጠብቀዋል። ሲጨፍር ስለሚያልበው ውኃ በብዛት ይጠጣ። የማታ ቡና ይቅር። በርከት ያለ ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት ቢወሰድ እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቀንስ እንደሚችል በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከቡና ቅጠል የሚፈላው የእኛ ሐይታ ቱኬም ካፌይን አለበት። ጠጅና አረቄ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ጨርሶ አይነካ።

አምስተኛ፣ ልጁ ወደ ቤት የሚመለስበት ነገር አስቀድሞ ይታሰብበት። ከድንኳኑ የሚያወጣት ትልቅ ሰው ካልተመደበ ሴት ልጅ በጊዜ ብቻዋን አትወጣም፤ ባጃጅ ብቻዋን በሌሊት አትሳፈርም። ስለዚህ መቅረት ባትፈልግም ትቀራለች። በእኛ ቤት ይህ ሥራ የእኔ ሆኗል። ጡረተኛ ለምን ይጠቅማል?

ስድስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ዕቃ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ጭፈራው ሳይጀመር ይወሰን። በማግስቱ የሚሮጥ ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከሌሊት ሥራ ነፃ ነው። የሚያርፈው ደግሞ ያጥባል። ያልታጠበ ድስት ውኃ ተሞልቶበት ቢያድር የሚደርስበት ነገር የለም።

ይህ ስድስተኛው ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ያከራከረን እሱ ነበር። የልጄ ሚስት «ዕቃ ሳይታጠብ አድሮ እንግዳ ቢያየን?» አለች። እናቷ እንዲህ አሳድጋታለች፤ እኛም በዚሁ ኖረናል። ልጅቷም «እናቴ ብቻዋን ስታጥብ እኔ እንዴት ተኝቼ አድራለሁ?» ብላ አስቸገረች። ነገሩ የተፈታው ታላቅ ወንድሟ «እኔ አጥባለሁ» ሲል ነው። ያኔ ሁላችንም ዝም አልን። እናቱ ሳቀች፤ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ጊፋታ ደረሰ። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ሙቿው ቀረበ፤ ደጁ በልጆች ተሞላ። በማግስቱ ሰኞ ልምምድ እንደማይኖር አሠልጣኛቸው ቀደም ብሎ ስላስታወቀ፣ የልጅ ልጄ እሑድ ማታ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ጨፈረች። ሰዓቱ ሲደርስ ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። «አባባ፣ አንድ ብቻ!» አለችኝ። አንዱ ሦስት ሆነ፤ እኔም በሦስተኛው ገባሁ። ቤት ስንደርስ ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ብዙም አላጠራውም፤ ጠዋት እናቱ ሁለቱን ደግማ አጥባለች። ግን ልጅቷ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኝታለች።

ደግሞ ለእኛ ለአያቶች አንድ ቃል አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ጭፈራም ይቆጠራል። ከ75 ዓመት በላይ በሆኑ 469 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከአካል እንቅስቃሴዎች ውስጥ የመርሳት ችግር ከመቀነሱ ጋር ተያይዞ የተገኘው ጭፈራ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ዘንድሮ በሠርጉ ላይ ጥግ ይዘን ልጆቹን ብቻ አንይ። ጉልበታችን እስከፈቀደ እንነሳ፤ ከዚያ በጊዜ እንግባ፣ የሚሮጡትንም ይዘናቸው እንግባ።

የዘንድሮው ማጣሪያ በጥር መጨረሻ ነው። ከሱ በፊት ሁለት ሠርግ ተጠርተናል። የልጅ ልጄ ሁለቱንም ቀኖች በደብተሯ ላይ ጽፋ፣ ከጎናቸው የምትተኛበትን ሰዓት አስፍራ፣ ገጹን ማጀት በር ላይ ለጥፋዋለች። ከሥሩ ዕቃ የሚያጥበው ሰው ስም አለ። በመጀመሪያው ሠርግ የወንድሟ ነው። በሁለተኛው የእኔ።